ረቡዕ በርገር የለም

አዳማ፣ እኛ ሰፈር ጥግ ላይ፣ አንዲት ግሮሰሪ አለች። በርገርም ትሠራለች። ጋሼ ሲከፍቷት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ምድጃው ጋ የምትቆመው ልጃቸው ናት። እሳቸው መግቢያው ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ይይዛሉ፤ ያውም በደብተር። ከተማዋም ለእሳቸው ዛሬም «ናዝሬት» ናት።

በርገሩ ወፍራም ነው። ሥጋው ጠዋት እዚያው ይፈጫል። ሽንኩርትና ቃሪያ ደቆ ይገባበታል፣ ከላይ የተጠበሰ እንቁላል ይደረብበታል። በሁለት እጅ ካልያዙት ሸሚዝ ያበላሻል፤ የእኔን ስንቴ አበላሽቷል። ድንቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ዘይት ይበዛበታል።

ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም። በሁዳዴማ 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ፍርፍር ነው። ድራፍቱ ግን አይጾምም፤ በዚያ ሙቀት ማን ይችላል? አባቴ ማታ ማታ አንድ ጃምቦ ይዞ ከሹፌሮቹ ጋር ስለ ጅቡቲ መንገድ ሲያወራ ያመሽ ነበር። እኔ ሚሪንዳዬን ይዤ አዳምጣለሁ።

የፋሲካ ማግስት ወረፋው እስከ ባጃጅ ተራው ደረሰ። ጋሼ ከሩቅ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጾም ሲፈታ ብቻ ነው የምትመጣው?»

ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው።