ከጅሬን ቁልቁል፣ ወደ ጅማ ስታዲየም

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወልቂጤ አድርገን ጊቤን ወርደን ወጣን። ለኳስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ጅሬን ቢወጣ እላለሁ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው፣ ከተማዋም ከሥሩ ተዘርግታ ትታያለች። እዚህ አባ ጅፋር ሲባል ንጉሡም ክለቡም አብረው ይጠራሉ።

ከጅሬን ወርጄ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሳቀና የማስበው የቤዝቦልን ነገር ነበር። የቤዝቦል ሕግ በቤዞቹ፣ ማለትም ሯጩ በሚረግጣቸው አራት ማዕዘኖች፣ መካከል ያለውን 27.43 ሜትር ይወስናል፤ የውጭውን ሜዳ ቅርጽ ግን በአብዛኛው ለየስታዲየሙ ይተወዋል። በ1912 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቦስተኑ ፌንዌይ ፓርክ በስተግራ 11 ሜትር የሚያህል አረንጓዴ ግድግዳ አለው። ሌላ ሜዳ ላይ አጥር ዘሎ የሚሄድ ኳስ እዚያ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። የቦስተን ደጋፊ ግድግዳውን እንደ ተጫዋች ቢወደው አይፈረድበትም።

እግር ኳስ ይህ የለውም። ሕጉ ትንሽ ልዩነት ቢፈቅድም፣ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 105 በ68 ሜትር ነው። ስለዚህ ስታዲየምን የራስ የሚያደርገው ምልልስ ነው፤ በየጨዋታው እዚያው ቦታ፣ ከዚያው ሰው አጠገብ መቀመጥ። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ የሚባሉት ቦታዎች ስማቸው የጸናው በዚህ ነው።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት በለጠው። ከ2013 ጀምሮ ግን ሊጉ ክለቦችን አንድ ከተማ እየሰበሰበ ያጫውት ጀመር። ለቴሌቪዥን ስርጭት አመቺ ነው፤ የሜዳ ባለቤትነትን ግን ከደጋፊው ነጠቀ። የጅማ ስታዲየም ዙር ሲደርሰው የመላ አገሪቱን ክለቦች አስተናገደ፤ በ2014 ክለቡ ከሊጉ ሲወርድ ደግሞ ጨዋታዎቹ በሌሎች ከተሞች ነበሩ። ደጋፊው በቡድኑ ክፉ ቀን አጠገቡ ሊቆም አልቻለም። እኔ ከመውረዱ ይልቅ ይህ ይከፋኛል።

ጨዋታ ላይ ለሚገኝ፦ ጅማ ዝናብ አታጣም፣ ጃንጥላ ግን የኋላውን ተመልካች ስለሚጋርድ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ዝማሬው የሚነሣበትን ቦታ ለማግኘት ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ መግባት ነው። ሲያልቅ ሁሉም ባጃጅ ስለሚሻማ፣ ዋናው መንገድ ድረስ በእግር መሄድ ይፈጥናል።