የቀኝ እጅ ሰዓት

ዛሬ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። የአባዬን ኔጋቲቮች፣ ብሩህና ጥቁሩ ተገላብጦ የሚታይባቸውን የድሮ የፎቶ ፊልሞች፣ ስካን ላድርግ ብዬ ያን የጫማ ካርቶን ከከፈትኩ ወዲህ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተኝቼ አላውቅም።

ካርቶኑ ሲከፈት የተቀበለኝ ሽታ ነው። አንደኛው ፖስታ አቼቶ አቼቶ ይላል። የድሮ ፊልም አብዛኛው የተሠራው አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው እየፈረሰ አሴቲክ አሲድ፣ ያንኑ የአቼቶ አሲድ፣ ያወጣል፣ አሲዱ መልሶ መፍረሱን ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ላለውም ይተርፋል። ፖስታውን ለብቻው አገለልኩትና ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ስካን አደረግኩ። ከውስጡ አንዳንዱ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ በጉልበት ላቃናው አልደፈርኩም።

የቀረው ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አቧራ ማራገፍ ነው። የጥጥ ጓንት፣ በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ፣ ለስላሳ ብሩሽ። በአፍ እፍ ማለት አይሆንም፤ አንዴ ብዬው ምራቄን ከፊልሙ ላይ ስለቅም አመሸሁ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ዓይን የማያየው ብናኝ ስክሪን ላይ ጠጠር ያክላል። በኢንች 2400 ነጥብ ሳነሳው ወደ 7.7 ሚሊዮን ፒክስል ይወጣዋል። በ4800ም ሞከርኩት፤ ፋይሉ አራት እጥፍ አበጠ እንጂ የአባዬ ፊት ከቀድሞው አልጠራም። የስካነሩ ማሸጊያ ላይ የታተመው ቁጥር ሌላ፣ ሌንሱ የሚያየው ሌላ።

ስካነሩ አቧራን በራሱ የሚያጠፋበት መላ አለው። ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል፤ የቀለም ፊልም ማቅለሚያዎች ያሳልፉታል፣ አቧራና ጭረት ይጋርዱታል፤ የተጋረደችውን ቦታ ከዙሪያዋ ባለው ይሞላታል። ለቀለም ፊልም ተአምር ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ ራሱ የብር ማዕድን ነው፣ ብር ደግሞ ኢንፍራሬድ አያሳልፍም። ይህን ያወቅኩት የእህቴ ጥርስ ጠፍቶ ካየሁ በኋላ ነው። ኔጋቲቩ ላይ ብሩ የሚበዛው ብሩህ የነበረው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሳቋን ቆሻሻ መስሎት ጠረገው።

ከዚያ ወዲህ በእጄ ነው የማጸዳው። አቧራው ያኔ ስላልነበረ ያለ ርኅራኄ አጠፋዋለሁ። ብርሃን ሾልኮ ያቃጠለውን ጠርዝ ግን አልነካም፤ የካሜራውን ክዳን ያለጊዜው የከፈተ ሰው ነበር፣ እሱም የዚያ ቀን ነው።

ትናንት ደግሞ የባሰ ጅልነት ሠራሁ። ፊልም ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ ምስሉን የተሸከመው ደብዘዝ ይላል። በሚያብረቀርቀው በኩል ሲታይ የጠርዙ ፊደልና ቁጥር ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር ያስገባሁት። ምስሉ ሲወጣ ግን አባዬ ሰዓቱን ያሰረው በቀኝ እጁ ነው። ሰው ሰዓት በግራ አይደል የሚያስረው? የጠርዙ ቁጥር ትክክል ነህ እያለኝ አላመንኩትም። 36ቱንም ምስል በኮምፒውተር ግራና ቀኙን አቀያየርኩና ለእህቴ ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች።

«አንተ፣ ምን አድርገኸው ነው? መልኩ ጠፋኝ እኮ!»

«ምኑ?»

«አባዬ ግራኝ አልነበር እንዴ! ሰዓቱን መች በግራ አስሮ ያውቃል?»

አባዬ ሲሞት 4 ዓመቴ ነበር። ግራኝ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ሁሉም የማውቅ መስሏቸዋል። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ማንኪያ እንዴት ይይዝ እንደነበር፣ እኔን በየትኛው ክንዱ ያቅፈኝ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አልመጣልኝም።

ዛሬ 36ቱንም አንድ በአንድ መልሼ ገለበጥኳቸው። ከዚያ ማጽዳት ቀጠልኩ። ሰዓቱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ ኔጋቲቭ ላይ ያለ አቧራ ወደ ፎቶ ሲቀየር ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ላጠፋት የኮምፒውተሩን ብሩሽ አስጠጋሁ። አጉልቼ ሳያት የሰዓቱ መስታወት ነጸብራቅ ናት። ተውኳት።