ደጀን አቀበት ላይ ጉልበት ያጣችው ላንድክሩዘርና የማርቆሱ መካኒክ

አሮጌ የናፍጣ መኪና ጉልበት ባነሳት ቁጥር "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እኔን ይሄ አባባል በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ስንት ደህና ሞተር በዚች አፍ ምክንያት ተፈትቶ እንደቀረ አይቻለሁ፣ አንዴ ከተፈታ ደግሞ ፋብሪካ እንደገጠመው ሆኖ አይመለስም፣ ጓርኒሲዮኑ (በሞተር ክፍሎች መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሌላ ይሆናል፣ ብሎኑ በልኩ አይጠብቅም፣ ፋሻውም (የፒስተን ቀለበቱ) ኦሪጅናል ነው ተብሎ ምኑም ያልሆነ ይመጣል። የአጎቴን ላንድክሩዘር አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ልክ እንደዛ ነበር ያሏት። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ አዳመጡ፣ ነዳጅ ሰጥተው አስጮሁ፣ በቃ ይውረድ። አጎቴ እሺ አላለም። ሞጣ የዘመድ ተዝካር ስለነበረብን "እስቲ ጎጃም ደርሰን እንምጣና እንነጋገራለን" ብሎ ይዟት ወጣ፣ እኔም አብሬው ሄድኩ። መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው።

መኪናዋ ሀርድቶፕ ናት፣ ዋን ኤች ዚ የሚባለው ሞተር ያላት። ይሄን ሞተር ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ናፍጣውን ሚረጨው ፖምፓ እራሱ በሞተሩ ጥርስ ሚዞር ሜካኒካል ነገር ነው። ለዛ ነው ገጠር ሚገባ ሰው ሁሉ እሷን ሚመርጠው። ስትታመም ኮምፒውተር ሰክተህ ኮድ አታነብም፣ ግን ምልክት ትሰጣለች፣ ጭሷን ድምጿን ሽታዋን ያየ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል፣ ችግሩ ማየት የሚፈልግ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ፍቼን በሰላም አለፍን፣ ሜዳ ስለሆነ ምንም አላለችም። ጎሃ ፅዮን ላይ ሻይ ጠጥተን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለቱን ጀመርን። ከጎሃ ፅዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት ግማሹ አቀበት፣ ከላይ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አጎቴ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ነው ያወረዳት፣ ፍሬን ነካ እያደረገ ብቻ፣ ምክንያቱም እዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ ሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬን አይኖረውም፣ የጭነት መኪኖቹን የፍሬን ሽታ በመስኮት ይሰማሃል። ታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን እርዳታ ተሰርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን፣ አሮጌውን ድልድይ ከጎን አይተን፣ ጎጃም ገባን።

እና አቀበቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ጥሩ ነበረች፣ በሶስተኛ እየሳበች፣ ከዛ ቀስ በቀስ ጉልበቷ እየሸሸ መጣ። ወደ ሁለተኛ፣ ወደ አንደኛ። ፔዳሉ ወለል ነክቷል፣ ሞተሩ ግን እንደ ተኛ ነው፣ ሲኖትራክ ድንጋይ ጭኖ ያልፈናል። አጎቴ ዳር ይዞ አቆመና መጀመሪያ ያየው ሙቀት መለኪያውን ነው፣ ግማሽ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ውሃ አልፈላም። ከዛ "ውረድና ጭሱን እይልኝ" አለኝ። ነዳጅ ሲሰጥ ከማርሚታው ሚወጣው ምንም ነው። ጥቁርም የለ ሰማያዊም የለ።

ይሄ ምንም ጭስ አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ሰው ቢያስተውል ደስ ይለኛል። ናፍጣ ሞተር ሶስት ነገር ይፈልጋል፣ ነዳጅ፣ አየር፣ እመቃ (አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ታምቆ መጋሉ)። አየር ካነሰው፣ ማለትም የአየር ፊልትሮ በአቧራ ከተደፈነ፣ ናፍጣው ሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ይተፋል። ፋሻው ካለቀ ዘይት ይቃጠላልና ሰማያዊ ነው፣ የዘይት መሙያ ክዳኑንም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ ብቻ እየሰራ) ከፍተህ ብታየው እፍ እፍ ይላል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው ወይ ደግሞ በተበላ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን የገባ ውሃ። የኛ ግን ጉልበት የላትም፣ ጭስም የላትም። ጭስ የለም ማለት የሚቃጠል ነገር አልደረሳትም ማለት ነው፣ ናፍጣ ነው የራባት። እና ጠዋት ጠዋት ገና ቁልፉ ሲነካ ነው የምትነሳው፣ እመቃው ያለቀ ሞተር እንደዛ አይነሳም። አዲስ አበባ ይውረድ ያሉት ሰዎች ይቺን አንዷን እንኳን አላዩም።

የዘይት ክዳኑን ከፈትን፣ ንፁህ ነው፣ አይነፍስም። የናፍጣ ታንኩን ክዳን ከፈትን፣ ምክንያቱም የክዳኑ መተንፈሻ ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ ባዶ ይፈጠርና ናፍጣው አልሳብ ይላል፣ ስትከፍተውም ሽሽ ብሎ አየር ይስባል። ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዛ አጎቴ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ በአውራ ጣቱ ጫናት። ወረደች፣ ግን ተመልሳ አልወጣችም። እንደወረደች ቀረች። ሌላ ጊዜ ስትጫናት ተመልሳ ብድግ ነው ምትለው፣ አሁን ግን ከታች የሆነ ነገር እየጎተታት ነበር። በጣም ቆይታ ነው ቀስ እያለች የተነሳችው።

ትንሽ ካረፍን በኋላ አስነሳናት፣ ምንም እንዳልነካት ሆና ደጀን ድረስ ወጣች ማለት ይቻላል፣ ጫፉ ላይ ነው እንደገና የደከመችው። ደጀን ላይ ፊልትሮ ገዝተን ቀየርን፣ ከስሩ ያለችውንም የማፍሰሻ ብሎን ፈትተን ውሃ አፈሰስን፣ ጥቂት ውሃ ወጣ። ከደጀን እስከ ሉማሜ ሜዳ ነው፣ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ፣ መኪናዋም ተደሰተች። እኔ ተገላገልን ብዬ ነበር፣ አጎቴ ግን ዝም ብሎ ይነዳል። ማርቆስ መግቢያ ያለችው አቀበት ላይ ያው ነገር መጣ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ጠቆሙን፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬና አንድ ልጅ ብቻ ናቸው ያሉት። ሰውዬው ኮፈኑን ለመክፈት አልቸኮሉም። መጀመሪያ አጎቴን ነው የጠየቁት። መቼ ጀመራት፣ ሜዳ ላይስ፣ ስታርፍ ይሻላታል ወይ፣ ናፍጣ ከየት ነው ምትቀዳው። አጎቴ ናፍጣ የጠፋ ሰሞን ከበርሜል ከሚሸጡ ሰዎች በጀሪካን ይቀዳ እንደነበረ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ ብለውናል እኮ" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ፣ ወጧን ሳናይ ድስቱን እንሰብራለን እንዴ" አሉኝና ልጁን "ያችን የግንበኛ ቱቦ አምጣት" አሉት።

ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ነጭ፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ከታንኩ የሚመጣውን መስመር ከፊልትሮው ላይ ነቀሉ፣ በምትኩ ያንን ቱቦ ሰክተው በፋሼታ አጠበቁት፣ ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ ንፁህ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ከተቱት። በእጅ ፖምፓው አየሩን አወጡና ሞተሩን አስነሱ። ቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ትናንሽ አረፋ ሄደ፣ ከዛ ጠራ፣ ናፍጣው እንደ ብርጭቆ ሆኖ ሲሄድ በአይንህ ታየዋለህ። ጀሪካኑን እኔ እግር ስር በደንብ አስረን ማርቆስ ዙሪያ ያለ አቀበት ይዘዋት ወጡ፣ በሶስተኛ። አንዴም አልደከመችም። ፔዳሉን ጫን አርገው ነዳጅ ሲሰጡ ከኋላ ጠቆር ያለች ጭስ እንኳን ብቅ አለች፣ ያቺ ጭስ ያስደሰተችኝን ያህል ምንም አላስደሰተኝም።

አየህ በዚች አንድ ሙከራ ሞተሩ፣ ፖምፓው፣ ኢንጀክተሩ፣ ፊልትሮው ሁሉም ነፃ ወጡ። የቀረው ከፊልትሮው ወደ ኋላ ያለው ነው፣ መስመሩና ታንኩ። ወጪው ደግሞ የአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ። እዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንክ የሚገፋ ኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም፣ ዋናው ፖምፓ እራሱ ነው ከፊት ሆኖ ሚስበው፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፣ አየር ነው ወደ ውስጥ ሚገባው፣ ሰው ደግሞ ከመኪናው ስር እርጥብ ነገር ሲያጣ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ሰውዬው ስለዚህ ቱቦውን ከጀሪካኑ አውጥተው ከታንኩ መስመር ጋር መልሰው ቀጠሉትና ሞተሩን በሚኒሞ አዩት። አረፋ የለም። አየር አይደለም ማለት ነው፣ መደፈን ነው።

ታንኩን አወረዱ። ናፍጣውን በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ወደ ባልዲ ገለበጡ፣ ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር፣ ሙልጭልጭ የሚል፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው፣ በዛ ላይ የዝገት ቅርፊት። መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት ሙሉ በሙሉ በሱ ተለብጣለች። ውሃና ናፍጣ አብረው ሲቀመጡ መሀላቸው ላይ ተህዋሲያን ይራባሉ፣ ያ ጥቁር ንፍጥ የሱ ውጤት ነው፣ የበርሜል ናፍጣ መዘዙ ይሄ ነው፣ ታንክን ሁልጊዜ ግማሽና ከዛ በታች አርጎ ማሳደርም ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይሰራል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ትንሽ ስለሚስብ ወንፊቷ ታሳልፋለች፣ አቀበት ላይ ብዙ ሲስብ ቆሻሻው ሄዶ ይለጠፍባታል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ይላቀቃል። ስታርፍ የሚሻላት ለዛ ነበር።

ታንኩን ውስጡ ጠጠር ጨምረው አናወጡት፣ በናፍጣ ደጋግመው አጠቡት፣ መስመሩን ከሞተር በኩል ወደ ታንክ በኮምፕሬሰር ነፉት (በዛኛው አቅጣጫ ነው መነፋት ያለበት፣ ካልሆነ ቆሻሻውን ወደ ፖምፓ ትገፋዋለህ)። ወንፊቷን አልጣሏትም፣ በብሩሽ ቀስ ብለው አፅድተው መለሷት። አንዳንዱ መካኒክ ቆርጦ ይጥላታል፣ ያኔ ችግሩ ፊልትሮው ላይ ይመጣል። አጎቴ ተጨማሪ ሁለት ፊልትሮ እንዲይዝ አዘዙት፣ ታጥቦ የማይወጣ ቆሻሻ ስለማይጠፋ። የጠየቁት ዋጋ ደግሞ አጎቴን አሳፈረው፣ ጨምሮ ሰጣቸው።

በማግስቱ በቢቸና መሄድ ስንችል አጎቴ በጮቄ በኩል እንሂድ አለ። ልፈትናት ነው። ከማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ ስትወጣ መንገዱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ገብስና ድንች ነው ማሳው፣ ከዛ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ይጀምራል፣ ውሃው በየቦታው ይፈልቃል፣ ስንትና ስንት የአባይ ገባር ከዚ ተራራ ነው ሚነሳው። እዛ ከ3,500 ሜትር በላይ ስንደርስ መኪናዋ ትንሽ ከበዳት፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ታየኝ፣ ደነገጥኩ። አጎቴ ግን ሳቀ። እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነፃፀር ሲሶ ያህል ይጎድላል፣ የኛ ፖምፓ ደግሞ ከፍታ ሚለካ ነገር የለውም፣ ያንኑ ናፍጣ ነው ሚሰጠው፣ ስለዚህ አየሩ አይበቃውምና ያጨሳል። ይሄ በሽታ አይደለም። ማርሽ ቀንሰህ፣ ፔዳሉን ወለል ሳታስነካ ከነዳሃት ጭሱም ይጠፋል። የአባይ በረሃው ድካምና የጮቄው ድካም ለተሳፋሪ አንድ ነው፣ ጭሱን ላየ ግን ሌላና ሌላ ነው።

አንድ ቤት አሳደሩን፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ አወጣች፣ በአንድ እግሯ እንደ ማነከስ አለች፣ ከዛ ሲሞቃት ተወች። ጭሱ ጥሬ ናፍጣ ነው ሚሸተው፣ የራዲያተሩ ውሃም አልጎደለም፣ ስለዚህ ካንዴላ ነው አልን፣ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው። የካንዴላዎቹን ማገናኛ ዘንግ ፈታንና ከባትሪው ፖዘቲቭ በአምፖል አድርገን አንድ በአንድ ነካናቸው፣ ደህናው አምፖሉን ያበራል፣ አንዱ ላይ አልበራም። ሞቶ ነው። በአምስቱ ትነሳለች፣ ችግር የለውም።

በድጓ ፅዮን በኩል ወርደን ሞጣ በሰዓቱ ደረስን፣ ተዝካሩም አላመለጠን። ወደ ባህር ዳር ከመነሳታችን በፊት ፊልትሮውን ወደ ሀይላንድ አፍስሰን ፀሀይ ላይ ያዝነው፣ ታች የተኛ ውሃ የለውም፣ ጥቂት ጥቁር ብናኝ ብቻ። የቀረን ነገር የታይሚንግ ቺንጋው (ባልቦላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልኩ የሚያስኬደው ቀበቶ) ነው፣ በየ100 ሺህ ኪሎሜትሩ መቀየር አለበት፣ አጎቴ ግን መኪናዋን ሲገዛ መቼ እንደተቀየረ የነገረው የለም። እሱ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ እውነትም ሞተር ይወርዳል። ባህር ዳር እንደገባን ቀጥታ መለዋወጫ ሱቅ ሄደን ቺንጋውን ከነመወጠሪያው፣ ካንዴላውንም ጨምረን ገዛን፣ ስንመለስም አጎቴ ማርቆስ ላይ አቁሞ ለዛው ሰውዬ ሰጣቸው።