እናቴ ጠይቃኝ መልስ ያጣሁበት ጥያቄ

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግማ ትንሣኤ ነበር። ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ወጥቼ እናቴ ጋ ነበርኩ። አይኤስ የሚባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ የተለቀቀው ያን ዕለት ነው። ከዚያ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጎረቤቱ እኛ ቤት ተሰብስቦ ሲያለቅስ እናቴ ወደ እኔ ዞረችና «ምን በድለዋቸው ነው?» አለችኝ። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ስመለስ አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁና ስለ ሽብር ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፈለግኩት አንድ ምክንያት ነው። «ድህነት» ብዬ ጻፍኩ። ግን መንዝ ውስጥ ውርጭ ገብሱን እየበላበት በችግር የኖረ ስንት ሰው አውቃለሁ፤ ቦምብ ታጥቆ የወጣ አንድም የለም። የአልቃይዳው መሪ ቢን ላደን ደግሞ የቱጃር ተቋራጭ ልጅ ነው። በ1994 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ዕለት ኒውዮርክንና ዋሽንግተንን ከመቱት 19 ሰዎች መሪው፣ መሐመድ አታ፣ ጀርመን ሄዶ የከተማ ፕላን የተማረ ሰው ነው። ድህነት ምልመላን ያቀል ይሆናል፣ ብቻውን ግን አያብራራም። «ሃይማኖት» የሚለውንም ጻፍኩና ተውኩት፤ አልሸባብ የሚገድላቸው ሶማሊያውያን በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው።

ነገሩን የፈታችልኝ ራሷ እናቴ ናት። ለእሷ ሽብር ማለት የደርግ ቀይ ሽብር ነው። አንድ ቀን ስለዚያ ስናወራ «ሬሳውን መንገድ ላይ የሚጥሉት እኮ ለሞተው ብለው አይደለም፣ ለሚያየው ነው» አለች። ደብተሩን ከፍቼ ሁሉንም እንደገና አየሁት። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ናይሮቢና ዳሬሰላም በሚገኙት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ደጅ ፈንጂ የጫኑ መኪኖች ፈነዱ። 224 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ውስጥ አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ኬንያዊና ታንዛኒያዊ ምንም የበደለው አልነበረም፤ ዋሽንግተን እንድታይ ብቻ ነው የሞተው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ጥቃት ሳነብ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መልእክቱ ለማን ነው? የተፈለገውስ ምላሽ ምንድነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከበደኝ፣ ምክንያቱም ወደ ራሳችን መንግሥት ወሰደኝ። ታኅሣሥ 1999 ላይ ጦራችን ሞቃዲሾ ገባ፣ ከተማዋን ይዞ የነበረው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትም በቀናት ውስጥ ተበተነ። ያኔ አልሸባብ የኅብረቱ አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። «ወራሪ መጣ» የሚለው ጥሪ ግን ወጣት አመጣለት፤ ጥር 2001 ላይ ጦራችን ሲወጣ አልሸባብ ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ሆኖ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ እዚያ ወንድሙን ያጣ ባልደረባ አለኝ። ኃይል ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። በ2003 ክረምት አልሸባብ ከሞቃዲሾ የወጣው የአፍሪካ ኅብረት ጦር ታግሎት ነው። ጉዳዩ ኃይሉ ካለፈ በኋላ ያን መንደር ማን ያስተዳድረዋል፣ ዳኛውስ ማነው የሚለው ይመስለኛል።

የሕጉን ክፍል ባጭሩ ልለፈው። ከዚያ ከእንቁጣጣሹ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 1373 አገሮች ሁሉ የአሸባሪዎችን ገንዘብ እንዲያግዱ አስገደደ። ሽብር ማለት ምን እንደሆነ ግን የተባበሩት መንግሥታት አባላት እስካሁን አልተስማሙም። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር በራሱ ይተረጉመዋል። የእኛ የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 በጣም ሰፊ ስለነበር ጋዜጠኛና ጦማሪ ተከሶበታል፤ በ2012 በአዋጅ 1176 ተተካ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። እዚህ ሸዋ ውስጥ ሰው በፖለቲካ ሲጣላ «አሸባሪ» የሚለውን ቃል እንዴት በቀላሉ እንደሚወራወርበት ያውቁታላ።

አንድ ነገር ቀረ። ያን የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከቪዲዮው የተወሰደውን ፎቶ እኔም በስልኬ ለሦስት ጓደኞቼ ልኬዋለሁ። በሐዘንና በንዴት ነበር ያደረግኩት። ግን ገዳዮቹ የፈለጉት በትክክል ይህንን ነበር፣ ያም የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰኝ አጠፋዋለሁ፤ የላከልኝንም ሰው ደውዬ እናቴ ያለችኝን እነግረዋለሁ።