የአባዬ ፈረሰኛ

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ሌላ ጊዜ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር የማልፈው። ዘንድሮ ግን ስለ አባዬ ትንሽ ላጫውታችሁ። ካረፈ ይኸው አራተኛ ገናችን ነው።

አባዬ ገበሬ ነበር። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል፣ ክረምት ላይ እግር በሚውጠው መረሬ፣ ጤፍና ሽምብራ ያመርት ነበር። የጭሰኛ ልጅ ነው። በየካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገና ጎረምሳ ነበር፤ አያቴ በቀጣዩ ዓመት ለባለመሬት ሳያካፍል ምርቱን በሙሉ ጎተራ ያስገባ ለት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም እያለ ይነግረን ነበር።

የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። አባዬ በሬዎቹን በኦሮምኛ ነበር የሚያናግራቸው፣ እኛን ደግሞ በአማርኛ፤ ለነሱ ነው የሚለሰልሰው እያልን እናማው ነበር። ነጩ ጤፍ በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል፣ እኛ ሰርገኛውን እንበላለን። ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም፣ ዘይቱም ከዚያ ከነጩ ነው የሚወጣው። ለገና ብቻ ሁለት ቁና ነጭ ጤፍ ይቀራል። "ይቺን የነካ!" ይላል አባዬ፣ ከጆንያው ጭብጥ ዘግኖ በመዳፉ ላይ እፍ እያለ።

ችግሩ ገና ከውቂያ ጋር መግጠሙ ነው። በእበት የተለቀለቀ አውድማ፣ በጫማ የማይረገጥ። በሬዎቹ ካበራዩ በኋላ ነፋስ ይጠበቃል፤ ነፋስ ደግሞ በዓል አያውቅም። አንድ ዓመት በዋዜማው ማምሻውን ተነሳ። አባዬ መንሹን አነሳ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በር ላይ ቆማ፣ "ለአንድ ሌሊት እንኳ?" አለችው።

"ነገ ይሄን ነፋስ ከየት አመጣዋለሁ?"

ከቅዳሴ ስንመለስ ዶሮ ወጡ ቤቱን አውዶታል። የነቢያት ጾም 43 ቀን ነው፤ እኔ በልጅነቴ ሁሉንም ጾሜዋለሁ አልልም፣ ያን ሌሊት ግን ሆዴ ሙሉውን የጾመ ይመስል ነበር። እማዬ ድስቱን አልከፍትም አለች። "አባታችሁ ሳይመጣ አይቆረስም።" ጎህ ሲቀድ መጣ። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ እብቅ ለብሶ ሽማግሌ መስሏል። እኔ አኩርፌያለሁ፣ አልደብቃችሁም፤ ሰው በገና ሌሊት እህል ያዘራል? እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ተረከዙ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ጥቁር አፈር ግን በገና ቀንም አይለቅም። እማዬ ፈረሰኛውን አወጣችለት። እንደ ልማዱ ገነጣጥሎ በየተራ አጎረሰን፤ እኔ ጋ ሲደርስ ኩርፊያዬን አይቶ ሁለቴ አጎረሰኝ። ለራሱ አጥንቱን ጋጠ።

ያ መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ወዳጄ ጋ ሄጄ በረንዳው ላይ ቆሜ አውድማው የት ጋ እንደነበር ልገምት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አባዬ ካሳውን ተቀብሎ ሲጨርስ ሁለቱን በሬዎች ሦስት ጊዜ ገበያ አውጥቶ ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል። "ዋጋ አላወጡም" ይለናል፣ ዓይናችንን ሳያይ።

ካረፈ ወዲህም እማዬ በየገናው ፈረሰኛውን ለብቻው ታወጣለች። መሶቡ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ማንም አይነካውም። አምና ግን የአምስት ዓመቱ ልጄ እጁን ሰደድ አድርጎ አነሳው። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ልቀማው እጄን ስዘረጋ እማዬ ሳቀች።

"ተወው ይብላ። እሱስ መቼ በልቶት ያውቃል?"