የኮዳ ክዳን

ዛሬ የካቲት 26 ነው። በጠዋት ተነስቼ ከባሕር ዳሩ ሰፈራችን ከሽምብጥ ወደ ጣና ሐይቅ ወረድኩ። አባዬ ቢኖር ኖሮ ጫማውን ወልውሎ ከኔ ቀድሞ በር ላይ ይቆም ነበር። የካራማራ ድል ቀን ነዋ። አዲስ አበባ ትግላችን ሐውልት ጋ አበባ ሲያስቀምጡ በቴሌቪዥን ካየ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነው የሚያየው።

ባጃጅ አይሳፈርም ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ሻምበል፣ ይግቡ ላድርስዎት» ሲሉት «እኔ እግረኛ ነኝ» ይላቸዋል። እነሱ በእግሩ መሄድ የሚወድ ሽማግሌ ነው ብለው ያልፋሉ። እሱ ግን ስለ ክፍሉ ነው የሚነግራቸው፤ ስለ እግረኛ ጦር። ሲሄድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሆኜ ዳዊት የሚደግም ይመስለኝ ነበር። ለካ እርምጃ እየቆጠረ ነው። በሌሊት ጉዞ፣ መብራት ማብራት በማይቻልበት፣ ምን ያህል እንደሄድክ የምታውቀው በእግርህ ነው ይላል። ከበራችን እስከ ውሃው ዳር በእሱ ቆጠራ 640 ነው። ዛሬ ቆጠርኩት። በኔ 700 አለፈ።

ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ወጥቶ ብዙም አልቆየ፣ ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። አባዬ ምክትል መቶ አለቃ ነበር። የመቶ መሪ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ የተመለሰችው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ስለ ውጊያው ስጠይቀው ሻዩን ዝም ብሎ ያማስላል። የሚያወራኝ ስለ እግርና ስለ ውሃ ብቻ ነው።

ከጉዞ መልስ ወታደሮቹን ጫማ አስወልቆ እግራቸውን አንድ በአንድ ያይ ነበር። ተንበርክኮ፣ ባትሪውን በእጁ ጋርዶ። በጣቶቻቸው መሃል፣ ተረከዛቸው ላይ። ከሚሊሺያዎቹ ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን በባዶ እግር ኖረው አዲሱ ቦት ጫማ ልጧቸዋል። አንድ የደጋ ዳሞት ሰው ነበሩ፤ ለአባዬ በአባት ዕድሜ። መኮንኑ እግራቸውን ሲይዝላቸው «ኧረ ተው ልጄ፣ ነውር ነው» ብለው እንባቸው መጣ። አባዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሌም ወሬውን ያቆማል። ሰውዬው አገራቸው ይመለሱ አይመለሱ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ውሃው ደግሞ እንዲህ ነው። ቦቴው ሳይደርስ ሲቀር በኮዳ ክዳን ይታደላል። ለአንድ ሰው አንድ ክዳን። ክዳኑን ራሱ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። የመጨረሻው የእሱ ነው። አንዳንድ ቀን ሳይደርሰው ያልቃል።

«ሕግ ነው እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሕግማ አይደለም። ግን ቀድሜያቸው ጠጥቼ ተነሱ ብላቸው ማን ይነሳልኛል?»

ትንሽ ቆይቶ «ማዶ ያሉትም እኮ ይጠማቸው ነበር» አለኝ። ይህን ሲል አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባሕር ዳር መጣ። የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ አሳደገን። እኛ ቤት ብርጭቆ ውስጥ የቀረ ውሃ አይደፋም፤ ወይ ይጠጣል ወይ አበባ ይጠጣዋል። ማታ ማታ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ታንኳዎቹ ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው ሲመጡ ያያል። እጁን ውሃው ውስጥ ነክሮ ዝም። እንደ ጸሎት ነበር የሚያደርገው። ዛሬ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጄን ነከርኩ። ቀዝቃዛ ነው።

አምና ታሞ ተኛ። ሐኪሙ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት ብሎን ነበር። ሌሊት ከንፈሩ ደርቆ አየሁት። ማንኪያ አጠገቤ ስላልነበረ በሃይላንዱ ክዳን ቀድቼ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ክዳኑን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እጄን ቀስ አድርጎ ገፋው።

«ልጆቹ ጠጡ?»

ወንድሞቼን መስሎኝ «እቤት ናቸው» ልለው ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን ከኔ አልፏል። ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃኛል፤ አንድ በአንድ፣ እየቆጠረ። ሻምበል ልለው ብዬ ተውኩት። ያኔ ገና ሻምበል አልነበረም።

«ሁሉም ጠጥተዋል፣ መቶ አለቃ» አልኩት።

አፉን ከፈተልኝ።