ድንቹን የለመንኩት እኔ ነኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ታገሡኝ።

የኩላሊት እጥበት በሳምንት 3 ቀን አደርጋለሁ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ቤቴ ባዶ ነበር። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» እያልኩ አለቅስ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ሰው ሙሉ ጆንያ ድንች በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ድንች ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፣ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ማስወጣት አይችልም፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ጡንቻንና ልብን ያውካል፣ ተብዬ ነበር። የራበው ሰው ግን ምክር አይበላም። ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች።

ሰኞ ሌሊት ነው። ከታጠብኩ 2 ቀን አልፏል። ልነሳ ስል እግሮቼ እምቢ አሉኝ። የኔ አይመስሉም። ልቤ ይመታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ! ትንፋሼን ይዤ ቀጣዩን ምት እጠብቃለሁ። ልጮህ ብል ድምፄ አልወጣም። በጌታ ላይ የተቆጣሁት ያኔ ነው፤ አልደብቃችሁም። «ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ማን ነው አላልክም? ይኸው፣ ድንጋዩን በላሁልህ!» አልኩት።

እንዲህ ብዬው ስበቃ አፌ ሳላስበው «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ…» ማለት ጀመረ። ሳልጨርሰው ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ ስታስል ሰማኋት። ነቅታለች! አጠገቤ ያለውን ብርጭቆ ገፍቼ ጣልኩት። አንዴ። ከዚያ ሳህኑን። በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ጌታ ብድሯን ይክፈላት፤ ወገቧን እያመማት ነው ደግፋ ያወጣችኝ።

ሆስፒታል ልቤን በማሽን አዩ፣ በደም ሥሬ ካልሲየም ሰጡኝ፣ ከዚያ ወደ እጥበት። ሐኪሙ «ድንች ይቅርብዎ አልተባሉም?» አለኝ። አፈርኩ። ነርሷ ግን ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምን አለ?» አለችኝ።

በ4 ዓመት ሕክምና ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። «ምንም» አልኩና ተንሰቀሰቅሁ።

ፈቃዴን ጠይቃ ለቤተ ክርስቲያኔ እህቶች ደወለች። ተራ ገቡልኝ፤ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ጥቅል ጎመን። «በፊቴ ገበታን አዘጋጀህልኝ» የሚለውን እያነበብኩ የማላለቅስበት ቀን የለም። የቀረውን ድንችም አልጣሉትም። ፖታሲየሙ እንዲቀንስ ልጠው፣ በቀጭኑ ከትፈው፣ በብዙ ውሃ ቀቅለው፣ ውሃውን ደፍተው ትንሽ ትንሽ ያቀርቡልኛል። ያለ ጨው ነው፤ እውነት ለመናገር አይጣፍጥም።

8 ወር ሆነ።

ነርሷ ዛሬም ስገባ «እናቴ፣ ምን በሉ?» ትላለች። ባለፈው ማክሰኞ «እንቁላል፣ 2 እንቁላል» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።